ኦርካዎቹን ምን እያስራባቸው ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ፣ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥንበት አንዱ ስልኩን አውጥቶ የኦርካ ቪዲዮ ካሳየ ጥያቄው አያልቅም፣ እኔ ደግሞ ስለነዚህ እንስሳት ማንበብ ሱስ ሆኖብኝ ስለሚያውቁ ሁሉም ወደኔ ይዞራል። ሁሌ ከዜሮ ከምጀምር ብዬ የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ሰው እንደሚጠይቀኝ ነው።

ኦርካ አሳ ነው፣ አሳ ነባሪ ነው ወይስ ዶልፊን?

ዶልፊን ነው፣ ከዶልፊኖች ሁሉ ትልቁ። ሳንባ ስላለው አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሴቷ ከ15 እስከ 18 ወር አርግዛ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ያደገ ወንድ 8 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክንፍ ብቻውን የረጅም ሰው ቁመት ያክላል። ገዳይ አሳ ነባሪ ሲባል የምትሰሙትም እሱው ነው።

ሊጠፉ ነው የሚባለው እውነት ነው? በየቪዲዮው እያየናቸው?

እውነትም ነው አይደለምም። ኦርካ በጥቅሉ አለ፣ ከሰሜን ዋልታ በረዶ እስከ አንታርክቲካ በሁሉም ውቅያኖስ ይኖራል፣ የአለም ግምቱ ወደ 50,000 ነው። ችግሩ ኦርካ አንድ ወጥ ህዝብ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ምግብ የራሱ የአደን ዘዴ የራሱ የድምፅ አነጋገር አለው፣ እዛው አንድ ውሀ ውስጥ ጎን ለጎን እያለፉ እንኳን የማይቀላቀሉ የማይጋቡ አሉ። ስለዚህ አንዱ ቡድን ሲያልቅ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው የለም፣ በቃ አለቀ።

አንዳንዶቹ ደግሞ እዛ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። አሜሪካና ካናዳ ድንበር ላይ ባለው ሳሊሽ ባህር የሚኖሩት፣ ሳውዘርን ሬዚደንት የሚባሉት፣ በ2025 ሐምሌ ቆጠራ 74 ነበሩ። ጅብራልታር አካባቢ ቱና እያሳደዱ የሚኖሩት 40 አይሞሉም። አላስካ ውስጥ ቹጋች የሚባለው ቡድን በ1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለው መርከብ ነዳጁን ባህር ላይ ሲደፋ ከ22ቱ 9ኙ ጠፉ፣ ዛሬ 7 ቀርተዋል፣ ከ1984 ወዲህ አንድም ልጅ አልተወለደላቸውም። ስኮትላንድ በኩል ከነበረው ቡድን ደግሞ አሁን የሚታዩት ሁለት ሽማግሌ ወንዶች ብቻ ናቸው፣ ጆን ኮ እና አኳሪየስ ይባላሉ፣ ሴት ስለሌለ እነሱ ሲሞቱ ታሪኩ ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ባብዛኛው ስለ 74ቱ ነው፣ ምክንያቱም እንደነሱ አንድ በአንድ የታወቀ የዱር እንስሳ በአለም ላይ ብዙ የለም።

አንድ በአንድ ማለት? እንዴት ነው የሚለዩዋቸው?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ቢግ የሚባል ካናዳዊ ተመራማሪ ፎቶ እያነሳ፣ ከጀርባቸው ክንፍ ቅርፅና ከክንፉ ኋላ ካለው ግራጫ ምልክት እያንዳንዱን መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ኬን ባልኮም የሚባለው ሰውዬ (በ2022 መጨረሻ ነው ያረፈው) በአሜሪካ በኩል ቆጠራውን ጀመረ፣ እስከዛሬ ይቆጠራሉ። ጄ፣ ኬ እና ኤል የሚባሉ ሶስት መንጋዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ኦርካ ቁጥር አለው፣ ጄ35፣ ኤል25 እያለ ይሄዳል፣ ከዛ ላይ ደግሞ ስም ይሰጠዋል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ማን እንደነበረች፣ መቼ እንደተወለደ ይታወቃል።

ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። ሴቷም ወንዱም እድሜ ልካቸውን ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፣ ወንዱ 30 አመት አልፎት፣ ቁመቱ እናቱን አልፎ፣ ከእናቱ ጎን አይለይም። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው ግን አይፈርድባቸውም።

ማን ጨረሳቸው? አድነዋቸው ነው?

ለስጋ አይደለም፣ ለትርኢት ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ለመዝናኛ ገንዳ ሲባል ከዚህ ከትንሽ ህዝብ ከ40 በላይ ወይ ተይዘው ተወስደዋል ወይ ሲያዙ ሞተዋል፣ የሚፈለጉት ደግሞ ለማጓጓዝ የሚቀሉት ልጆቹ ነበሩ። ከሁሉም የከፋው በነሐሴ 1970 ፔን ኮቭ የሚባል ቦታ የሆነው ነው፣ በጀልባ በአውሮፕላንና በሚፈነዳ ነገር እያስደነገጡ ከ80 በላይ ኦርካ ወደ ጠባብ ባህረ ሰላጤ ነድተው ልጆቹን ከእናቶቻቸው በመረብ ለዩ። 7 ተሸጡ፣ ቢያንስ 5 ሞቱ፣ የሞቱትን ሰው እንዳያይ ሆዳቸውን ቀደው ድንጋይ ሞልተው ሰንሰለት አስረው አሰመጧቸው፣ ቆይቶ ግን ሬሳቸው ዳርቻ ላይ ወጥቶ ጉዱ ታወቀ።

ከተሸጡት አንዷ ቶኪታይ ትባላለች፣ ሎሊታ በሚለው የመድረክ ስሟ ብዙ ሰው ያውቃታል። ማያሚ ውስጥ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ከ50 አመት በላይ ኖረች፣ ወደ ትውልድ ባህሯ ልትመለስ ዝግጅት ተጀምሮ እያለ ነሐሴ 2023 ሞተች። እኔ ይሄን ታሪክ ሳወራ ሁሌ እናደዳለሁ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ መያዙ ከ1976 በኋላ ቆመ፣ ቁጥራቸውም ቀስ እያለ አገገመ፣ በ1995 98 ደርሰው ነበር። ከዛ እንደገና መውረድ ጀመሩ፣ አሜሪካ በ2005 ለመጥፋት የተቃረበ ብላ መዘገበቻቸው። ማለትም ለሁለተኛው መውረድ ተጠያቂው መረብ አይደለም፣ እርግጥ ያኔ የተወሰዱት ልጆች ዛሬ እናትና አያት ይሆኑ ነበር።

አሁን ታዲያ ምንድነው የሚገድላቸው?

ረሃብ። የሚበሉት ቺኑክ የሚባለውን ሳልመን ነው፣ ከፓስፊክ ሳልመኖች ትልቁና ስቡ የበዛው እሱ ነው፣ በነሱ በጋ ከሚበሉት 80 ከመቶ ወይም ከዛ በላይ ቺኑክ ነው። ያደገ ኦርካ በቀን ከ18 እስከ 25 ትልልቅ አሳ ይፈልጋል። እና ቺኑኩ ራሱ አለቀ፣ ቀድሞ ከነበረው በጣም አንሷል፣ የሚገኘውም በመጠን ከድሮው ያነሰ ነው፣ ሲያትል አጠገብ ያለው ፑጀት ሳውንድ የሚባለው ባህር ቺኑክ ራሱ ከ1999 ጀምሮ አደጋ ላይ ያሉ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ነው። አዳኙም ታዳኙም አንድ መዝገብ ላይ ተጽፈዋል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውልም።

ረሃቡ በምን ይታወቃል ለሚል፣ በድሮን ከላይ ፎቶ ያነሷቸዋል፣ የከሳ ኦርካ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ስብ ጠፍቶ አንገት ያወጣል። ሌላው ዘዴ እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ውሻ ጀልባው ፊት ጫፍ ላይ ይቀመጥና የኦርካ ኩስ ውሀ ላይ ሲንሳፈፍ ከሩቅ አሽትቶ ይጠቁማል፣ ተመራማሪዎቹ ሄደው ይቀዱትና ሆርሞኑን ይመረምራሉ፣ ማን እንዳረገዘች ማን እንደራባት ከዛ ይወጣል። በዚህ መንገድ ከ2008 እስከ 2014 ከተገኙት እርግዝናዎች 69 ከመቶው ለወግ ሳይበቁ ቀርተዋል፣ ትልቁ ምክንያት ደግሞ የምግብ እጥረት ሆኖ ነው የተገኘው።

ሌላ ነገር አይበሉም እንዴ? ባህር ሙሉ አሳ እያለ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ጥያቄ ነው። እዛው ውሀ ውስጥ ቢግስ የሚባሉ ሌሎች ኦርካዎች አሉ (ስማቸው ከላይ ለጠቀስኩት ሰውዬ መታሰቢያ ነው)፣ እነሱ አሳ አይነኩም፣ ሲልና የባህር አንበሳ የሚባሉትን አጥቢ እንስሳት ነው የሚያድኑት፣ ሲያድኑም ድምፃቸውን አጥፍተው ነው ምክንያቱም ታዳኙ ይሰማል። አሜሪካ በ1972 የባህር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቅ ህግ ካወጣች በኋላ ሲሎቹ በዙ፣ ቢግሶቹም ጠገቡ፣ ቁጥራቸው እየጨመረ አሁን ከ300 በላይ ናቸው። ያው ውሀ፣ ያው ወደብ፣ ያው መርከብ፣ አንዱ ወፍሮ አንዱ ከስቶ ይተላለፋሉ።

ሬዚደንቶቹ እየራባቸው ሲል አጠገባቸው ቢያልፍ አይበሉትም። አቅም አጥተው አይደለም፣ ለነሱ ምግብ ተብሎ አይቆጠርም፣ ምን እንደሚበላ ልጅ ከእናቱ ከአያቱ ነው የሚማረው። እኛም ሀገር ሰው ክፉ ቀን ቢመጣበት እንኳን እጁን የማይዘረጋበት ስጋ አለ፣ ስለዚህ ይሄን ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም። ሌላ ሳልመንም ይበላሉ፣ በበልጉ... ይቅርታ በነሱ መኸር ቸም የሚባለውን ተከትለው እስከ ሲያትል ድረስ ይገባሉ፣ ግን ቺኑክን የሚተካ አይደለም።

ግድብ ምን አገባው?

ግድብ ሲባል የኛ ሰው ጆሮው ይቆማል፣ ረጋ በሉ፣ ስለ አባይ አይደለም። ሳልመን ወንዝ ላይ ይፈለፈላል፣ ወደ ባህር ወርዶ ለአመታት ያድጋል፣ ከዛ ለመራባት እዛው የተወለደበት ወንዝ ድረስ ሽቅብ ይመለሳል። መሀል ላይ ግድብ ካለ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው፣ ለአሳ ተብሎ መሰላል ቢሰራለትም ሁሉም አያልፍም፣ ከላይ የሚወርዱት ልጆችም ብዙ ይሞታሉ፣ የተኛ ውሀ ደግሞ ይሞቃል፣ ሳልመን ሙቅ ውሀ አይወድም። በዛ ላይ ደን መጨፍጨፉ፣ ከመጠን በላይ ማስገሩ፣ የወንዝ ዳር ግንባታው አለ።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ባርበስ አሳዎች በአለም ላይ ጣና ብቻ ነው ያሉት፣ ብዙዎቹ በክረምት እነ ጉማራና ርብ ወንዝ ውስጥ ሽቅብ ወጥተው ነው የሚራቡት፣ አስጋሪው ደግሞ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፣ በዚህ ምክንያት ቁጥራቸው ክፉኛ ወርዷል። አንድ አይነት በሽታ ነው።

ጥሩው ዜና ግድብ ሲነሳ አሳው መመለሱ ነው። ኤልዋ የሚባለው ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ፈረሱ። ካሊፎርኒያና ኦሬገን ውስጥ ክላማዝ ወንዝ ላይ ደግሞ አራት ግድቦች ተነስተው በ2024 ስራው አለቀ፣ በዛው መኸር ሳልመኖች ከ100 አመት በላይ ተዘግቶባቸው የነበረውን ቦታ አልፈው ታዩ። ኬ እና ኤል መንጋዎች በነሱ ክረምት እስከ ካሊፎርኒያ ስለሚወርዱ ይሄ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ስኔክ ወንዝ ላይ ያሉት አራት ግድቦች ይፍረሱ አይፍረሱ የሚለው ግን ለአስርት አመታት እንደተጨቃጨቁበት ነው፣ መብራት ያመነጫሉ፣ ስንዴ የጫነ ጀልባ ያሳልፋሉ፣ ገበሬው አይፈልግም። እኔ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ዝም ብሎ ማፍረስ ነው ብዬ አልፎክርም፣ ግን ለሚጠፋው መብራት ምትክ ማግኘት ይቻላል፣ ለቺኑክ ምትክ የለም፣ ስለዚህ ልቤ ወደ ማፍረሱ ያደላል።

የመርከብ ጫጫታ እንዴት ሊያስርባቸው ይችላል?

ኦርካ በጨለማ ውሀ ውስጥ አሳ የሚያገኘው በጆሮው ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይለቅና አሳው ላይ ነጥሮ የሚመለስለትን ማሚቶ ይሰማል፣ በዛ ብቻ ቺኑክን ከሌላው አሳ ሊለይ ይችላል። የቫንኩቨር ወደብ መርከቦች የሚያልፉበት መስመር ደግሞ ልክ ዋናው የምግብ ቦታቸው መሀል ነው፣ ሃሮ ስትሬት ይባላል። የመርከቡ ድምፅ ማሚቶውን ይውጠዋል። ጀልባ ሲጠጋቸው በተለይ ሴቶቹ ማደናቸውን ያቆማሉ፣ ልጅ ይዘው ስለሚሆን መሰለኝ፣ የምትመገበዋ እናት ከቆመች ደግሞ ወተቱም ቆመ።

ከሶስቱ ችግሮች፣ ማለትም ከረሃቡ፣ ከጫጫታውና ቀጥዬ ከማነሳው መርዝ፣ ቶሎ የሚስተካከለው ጫጫታው ነው ባይ ነኝ። አሳ እስኪበዛ አመታት ይፈጃል፣ ድምፅ ግን መርከቡ ፍጥነቱን በቀነሰበት ደቂቃ ይቀንሳል። ቫንኩቨር ወደብ ከ2017 ጀምሮ መርከቦች በፈቃዳቸው ቀስ ብለው እንዲያልፉ ያደርጋል፣ አብዛኞቹም ይተባበራሉ። ዋሽንግተን ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ማንኛውም ጀልባ ከነሱ 1,000 ያርድ እንዲርቅ በህግ ደንግጋለች፣ ያ ማለት 900 ሜትር ምናምን ነው።

መርዝ የሚባለውስ?

ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል አለ፣ ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ፣ አሜሪካ በ1979 ከልክላዋለች ግን አይበሰብስም፣ ከደለል ወደ ትል ከትል ወደ አሳ እያለ ሲወጣ እየተጠራቀመ መጨረሻው ኦርካው ስብ ውስጥ ይሆናል። ዲዲቲም እንደዛው ነው፣ እኛ ለወባ ቤት የምንረጨው የነበረው፣ አዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይዘጋጅ የነበረው። ስለዚህ ይሄኛው የፈረንጅ ችግር ብቻ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ እሱ ነው።

አሁን ከረሃቡ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ተመልከቱ። መርዙ ስብ ውስጥ እስካለ ድረስ በመጠኑ ታስሮ ይቀመጣል፣ ሲርባቸው ግን ሰውነታቸው ስቡን ያቃጥላል፣ መርዙም ደም ውስጥ ይለቀቃል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንና መውለድን ይጎዳል። እናት ደግሞ በወተቷ ለልጇ ታስተላልፈዋለች፣ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የበኩር ልጅ ነው። ወንዱ ማውጫ ስለሌለው እድሜውን ሙሉ ያጠራቅማል። በ2016 ስኮትላንድ ውስጥ ሉሉ የምትባል ሴት ኦርካ መረብ ተጠምጥሞባት ሞታ ስትገኝ በስቧ ውስጥ የተለካው ፒሲቢ እስከዛሬ በባህር አጥቢ ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነበር፣ አድጋ እያለች አንድም ጊዜ አርግዛ እንደማታውቅም በምርመራ ታወቀ።

ልጇን 17 ቀን የተሸከመችው ኦርካ እውነት ናት?

እውነት ናት፣ ጄ35 ነች፣ ታሌኳ ይሏታል። ሐምሌ 2018 የወለደቻት ልጅ ግማሽ ሰአት ያህል ቆይታ ሞተች፣ እናትየዋ ሬሳውን በግንባሯ እየገፋች፣ ሲሰምጥ ጠልቃ እያወጣች፣ 17 ቀን ወደ 1,600 ኪሎሜትር ይዛት ዋኘች። በ2020 ወንድ ልጅ ወለደች፣ እሱ አደገላት። ከዛ በ2024 መጨረሻ ላይ ሴት ወለደች፣ ልጅቷ ከቀናት በኋላ ሞተች፣ ታሌኳም እንደገና ከ10 ቀን በላይ ተሸክማት ታየች።

ሀዘን ነው ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ እኔ ሀዘን ነው እላለሁ። እንስሳን እንደ ሰው አትመልከቱ የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ምግብ ፍለጋ መዋል የሚገባት የራባት እናት ያን ሁሉ ጉልበት ለሬሳ ስታወጣ ሌላ ምን ልበለው። በቁጥር ስናስበው ደግሞ ሁለቱም የሞቱት ሴቶች ነበሩ፣ 74 ብቻ ላሉት ህዝብ እያንዳንዷ ሴት ልጅ የወደፊት እናት ናት።

አያቶቹ ይመራሉ የሚባለውስ?

ይመራሉ። ኦርካ ከሰው ውጪ ሴቶቹ የሚያርጡ እንስሳት ከሚባሉት ጥቂቶች አንዷ ናት፣ 40 አመት አካባቢ መውለድ ታቆማለች፣ ከዛ በኋላ ግን ብዙ አስርት አመታት ልትኖር ትችላለች። ለምን? ተፈጥሮ በከንቱ የምታኖረው የለም ብለው ሲያጠኑ፣ በ2015 የወጣው ጥናት አሳ በጠፋበት አመት ከፊት የሚቀድሙት ያረጡት አሮጊቶች መሆናቸውን አሳየ፣ በክፉ ዘመን አሳ የት እንደሚገኝ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። በ2012 የወጣው ደግሞ ይብሳል፣ ከ30 አመት በላይ የሆነ ወንድ እናቱ በሞተች በአመቱ ውስጥ የመሞት እድሉ 14 እጥፍ ይጨምራል። እማማ የሌለችበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ስትሞት የሚቀነሰው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም።

እርስ በርስ ስለሚጋቡስ? ዘመዳሞች አይደሉም?

ናቸው። ኦርካ ሰባት ቤት አይቆጥርም። በ2023 የወጣ የዘረመል ጥናት እርስ በርስ መራባቱ እድሜያቸውን እያሳጠረ መሆኑን አሳይቷል፣ ብዙ ልጆች የጥቂት ወንዶች ስለሆኑ ችግሩ በቶሎ አይፈታም። ከውጪ ማስገባት አይቻልም፣ አይቀላቀሉማ።

ለምን አይመግቧቸውም? ወይ ገንዳ ውስጥ አስገብተው አያራቡም?

መመገቡ ተሞክሯል። በ2018 ስካርሌት የምትባል ጄ50 ህፃን በጣም ከስታ ስትታይ አንቲባዮቲክ በቀስት ወጓት፣ ከጀልባ ላይ በህይወት ያለ ሳልመን ከፊቷ ለቀቁላት፣ አልሆነም፣ በመስከረም ጠፋች። በቀን 74 እንስሳ በስንት ጀልባ አሳ ትመግባለህ ደግሞ። ከዛ የሚሻለው ሳልመኑን በማራቢያ ጣቢያ ማብዛት ነው፣ ዋሽንግተን ጨምራለች፣ እሱም ግን ክርክር አለው ምክንያቱም የጣቢያ አሳ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ዱሩን ያዳክማል የሚሉ አሉ።

ገንዳው ግን አይታሰብም። ኬይኮን ታስታውሳላችሁ፣ በፊልም ታዋቂ የሆነውን፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት በ2002 አይስላንድ ላይ ተለቀቀ፣ ሰው ለምዶ ስለነበር ከዱር ኦርካዎች ጋር መዋሃድ አልቻለም፣ በ2003 መጨረሻ ኖርዌይ ውስጥ ሞተ። በተቃራኒው ስፕሪንገር የምትባል ወላጅ አልባ ህፃን በ2002 ሲያትል አካባቢ ብቻዋን ተገኝታ፣ ታክማ፣ በዛው አመት ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ደሴት ሰሜን ጫፍ አካባቢ ወዳሉት ዘመዶቿ ተወሰደች፣ ተቀበሏት፣ ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት። ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ስፕሪንገር የምትመለስበት ቤተሰብ ነበራት፣ ቋንቋቸውንም አልረሳችም።

ሰው ይበላሉ? አሰልጣኟን የበላው ቪዲዮስ?

ዱር ውስጥ ያለ ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም። በነሐሴ 2025 ቲክቶክ ላይ የዞረው፣ አንዲት አሰልጣኝ ትርኢት ላይ ተበላች የሚለው ቪዲዮ በኤአይ የተሰራ ውሸት ነው፣ ተበላች የተባለችው አሰልጣኝም ጭራሽ የለችም፣ እባካችሁ ሼር አታድርጉ። እውነተኛ ሞት የነበረው ገንዳ ውስጥ ነው፣ ቲሊኩም የሚባለው ወንድ፣ በ1983 አይስላንድ ተይዞ እድሜውን በገንዳ የጨረሰው፣ ከሶስት ሰዎች ሞት ጋር ስሙ ይነሳል፣ የመጨረሻዋ በ2010 ፍሎሪዳ ውስጥ የሞተችው አሰልጣኙ ናት።

ስፔን ውስጥ ጀልባ የሚሰብሩትስ፣ በቀል ነው?

የተመራማሪዎቹ ግምት ጨዋታ ነው፣ በተለይ የወጣቶቹ። ከ2020 ጀምሮ የጀልባውን አቅጣጫ መቀየሪያ እየገፉ ይሰብራሉ፣ የሰመጡ ጀልባዎችም አሉ፣ ተሳፋሪውን ግን አይነኩም። ከላይ የጠቀስኳቸው 40 የማይሞሉት የጅብራልታር ኦርካዎች እነዚህው ናቸው፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ እንደ ጀግና የሚጨበጨብላቸው ነገር ለነሱ አደገኛ ነው፣ የተናደደ ባለጀልባ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ሲያትል እህቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ላያቸው እችላለሁ?

ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የሚጠየቅ ነው፣ ሲያትል ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለማ! አዎ ትችያለሽ። ጀልባ መከራየት አያስፈልግም፣ እኔ ብሆን ጭራሽ ጀልባ ባይሆን ነው የምመርጠው። በነሱ በጋ ሳን ሁዋን ደሴት ላይ ላይም ኪልን የሚባል ፓርክ አለ፣ ከድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል፣ አንዳንዴ በጣም ቀርበው ያልፋሉ። በጥቅምትና ህዳር ደግሞ ቸም ሳልመን ተከትለው ከተማው ፊት ለፊት ይመጣሉ፣ ዌስት ሲያትል አልካይ ዳርቻ ላይ ቢኖኩላር ይዞ የሚቆመውን ሰው ካየሽ እነሱን እየጠበቀ ነው። የምታያቸው ሲል የሚበሉት ቢግሶች የመሆን እድላቸው ግን ይበልጣል፣ በቅርብ አመታት ቶሎ ቶሎ የሚታዩት እነሱ ናቸው።

ሳልመን መብላት ላቁም?

ለነሱ ብለሽ ከሆነ አያስፈልግም፣ ከፓስፊክ የተያዘ ቺኑክ ካልሆነ። በአለም ገበያ የሚሸጠው ሳልመን ባብዛኛው በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልመን ነው፣ እሱ የራሱ ሌላ ጣጣ አለው። እዚህ ጾም ሲገባ የምንበላው የሀይቅ አሳ ነው፣ ስለሱ ግን መጨነቅ ካማረሽ ጫሞ ሀይቅ ላይ ያለው የናይል ፐርች እንዴት እንደመነመነ ጠይቂ።

ባህር ለሌለን ለኛ ምን ይረባናል?

የማይረባህ ከመሰለህ አልከራከርህም። እኔን የሚስበኝ በቀይ ቀበሮ ምክንያት ነው፣ በአለም ላይ ያለው በሙሉ እኛ ጋ ነው፣ ወደ 500 ገደማ ነው የቀረው፣ እሱም ኑሮውን ባብዛኛው አይጥ ላይ የመሰረተ፣ በቤተሰብ የሚኖር፣ መኖሪያው በእርሻ የተከበበ እንስሳ ነው። አንድ ምግብ ላይ የተንጠለጠለ እንስሳን እንዴት ታድናለህ የሚለውን ሳሊሽ ላይ በብዙ ዶላር እየተማሩት ነው፣ የተማሩትን በነፃ ማንበብ እንችላለን።

ከዚህ ሆኜ ድምፃቸውን መስማት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ኦርካሳውንድ የሚባል አለ፣ ባህር ውስጥ ማይክ አስቀምጠው በቀጥታ ያሰማሉ፣ ነፃ ነው። ከነሱ ጋር ያለን የሰአት ልዩነት በበጋቸው 10 ሰአት ነው፣ እነሱ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰአት ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰአት ይሆናል፣ ስለዚህ ከስራ ወጥተህ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነህ መክፈት ትችላለህ። ብዙውን ጊዜ የምትሰማው የመርከብ ሞተር ነው፣ ኦርካ ካለፈ ግን አንድ ሁለቴ ከሰማኸው አይሳትህም፣ ፉጨትም ጩኸትም አይነት ነው። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታ ብዙ አይበላም፣ ማታ ለማታ ፓኬጅ ካለህ ደግሞ ጭራሽ አትሳሳ።